ሳይፈቀድላቸው የተቀመጡት የቴሌቪዥን ሹም

የቴሌቪዥን ሹም የነበረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ስዞር የማላየው የለም፤ ጋሽ ፈንታውን እዚሁ ሰቆጣ አገኘኋቸው። አገር ሁሉ የሚያየው አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የሚታየውን የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ። ያልጣመው ይዘጋዋል እንጂ ወዴት ይሄዳል? እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ ጡረታ ቢወጣም ሹመቱ ከላዩ አይወርድም። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ "ሙሾው ረዘመ፣ ይጠር!" ይላሉ።

እኚህን ሰው ነው እንግዲህ ለልጅ ልጄ ለሲሳይ ሽማግሌ አድርገን የላክናቸው። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት አያ ኪሮስ ቀደም ብሎ የሄደውን ሽማግሌ እምቢ ብለው መልሰዋል። ሲሳይ ደግሞ "እሷን ካጣሁ አገር ጥዬ እሰደዳለሁ" ብሎ ዝቷል። እንዴት እቤቴ ልቀመጥ? ተከትዬ ሄጄ አጥር ሥር ቆሜ በተከፈተው በር እያየሁ አዳምጣለሁ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል፤ ከተቀመጠ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ቆሙ። ጋሽ ፈንታውን ግን በዕድሜያቸው ማን አቁሟቸው ያውቃል? ገብተው ዘፍ አሉ፣ ያውም በአያ ኪሮስ መደብ ላይ!

 

"ኧረ ጋሼ፣ ይነሡ!" አሉ አብረዋቸው የሄዱት ቄስ።

"ይተዋቸው አባ" አሉ አያ ኪሮስ በረጅሙ ተንፍሰው። "የተቀመጠ ሽማግሌ አስነሣ ተብዬ በአገር ልሰደብ?"

"ገና ጉዳዬን መቼ ተናገርሁ?" አሉ ጋሽ ፈንታው ተቆጥተው።

"ልጄን ከወሰዱ በኋላ ምን ንግግር ቀረ? ይልቅ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ።"

እኔም መደበቄን ረስቼ እልልታዬን አቀለጥሁት።