የወይዘሮ ዝላትካ ጽጌረዳና የእንግሊዝኛ ሰሌዳው

ቀን፦ ሐሙስ፣ ግንቦት 15
ቦታ፦ የጊውሎቮ መንደር አዳራሽ፣ ቡልጋርያ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 12፡00

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ቬሰሊን ካራኢቫኖቭ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ኤቭዶኪያ፣ ኮሚኒዝም እስከወደቀበት ለውጥ ዋዜማ ሩሲያኛ፣ ከለውጡ ማግስት ጀምሮ እንግሊዝኛ ያስተማሩ
3. አቶ ሩመን፣ ሁለት በጋ እንግሊዝ አገር እንጆሪ የለቀመ
4. ወ/ሮ ዝላትካ፣ የጽጌረዳው ማሳ ባለቤት
ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ እኔ ስፓስ፣ ድምፅ የሌለኝ፣ ጆሮ ግን ያለኝ

ደንቡ የሚጠይቀው አራት አባላት ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አንድ ሰው ከወጣ ፈረሰ።

አጀንዳ 1፦ ከአውቶቡስ የሚወርዱ ቱሪስቶች የወ/ሮ ዝላትካን አበባ እቅፍ እቅፍ እየዘነጠፉ ስለሚሄዱ፣ የሚከለክል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ስለማቆም።

ወ/ሮ ኤቭዶኪያ አበባ ለመቅጠፍ ጨዋው የእንግሊዝኛ ቃል "ፕላክ" መሆኑን አስረዱ። አቶ ሩመን "ፒክ ነው!" ብሎ ጠረጴዛ መታ። "ቲቸር፣ እኔ ቃሉን በወገቤ ነው የተማርኩት!"

"እንግዲያው ልጄ፣ ወገብህ ይናገር፤ አንተ ዝም በል" በወ/ሮ ኤቭዶኪያ ተብሏል።

ሰብሳቢው "ካት" (ቁረጥ) ይሻላል አሉ። ምክንያት ሲጠየቁ፣ ፊልም ሠሪዎች መንደሩ መጥተው ሲጮሁት መስማታቸውንና ሁሉም ቀጥ ብሎ መቆሙን ገለጹ።

ወ/ሮ ዝላትካ እጅ አወጡ። "ወገኖቼ፣ አበባውን ፀሐይ ሳይበረታ ካልለቀምኩት ዘይቱ ይተናል። የጽጌረዳ ዘይት ማውጫው ደግሞ ከነገ ጀምሮ እስከ ከርሞ ይዘጋል። የዓመት ቀለቤ እኮ ነው! ደስ ያላችሁን ጻፉና ልሂድ።"

ሰብሳቢው የመሄዱ ጥያቄ አጀንዳ 2 በመሆኑ ተራውን እንዲጠብቅ፣ ሳይጠብቁ ከወጡ ግን ምልዓተ ጉባኤው ፈርሶ ሰሌዳው ለከርሞ እንደሚተላለፍ አሳሰቡ። ወ/ሮ ዝላትካ ተቀመጡ። ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ከዚያ አቶ ሩመን የአዳራሹን የፕላስቲክ አበባ ይዞ በጥፍር በመቁረጥ ("ፒክ") እና በጣት በመንጨት ("ፕላክ") መካከል ያለውን ልዩነት አሳየ። አበባው ተሰበረ። የሰበረው በየትኛው ቃል እንደሆነ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! (ይህ የእኔ ነው፤ ሰብሳቢው እንዲሰረዝ አዝዘው ነበር፤ ዘነጋሁት።)

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም ቃላት እንዲጻፉ፣ የትኛውን እያደረገ እንደሆነም ቱሪስቱ ራሱ እንዲለይ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ከረፋዱ 4፡40 ላይ ሰብሳቢው፣ በልግስና፣ ወ/ሮ ዝላትካ መሄድ እንደሚችሉ አበሰሩ።

ወ/ሮ ዝላትካ ተነሱ። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ያግል ነበር። "ወዴት ልሂድ? ምኑን ልልቀም?" አሉ። "ቱሪስት እቅፍ ወሰደብኝ ብዬ መጣሁ፤ እናንተ ማሳውን ሙሉ ወሰዳችሁት። ለዚህስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?"

በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤው በመጉደሉና ዘንድሮ የሚጠበቅ አበባ ባለመኖሩ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ሰሌዳውም ቀርቷል። ስብሰባው 4፡55 ላይ ተበተነ።

ለወ/ሮ ዝላትካ ጥያቄ ወ/ሮ ኤቭዶኪያ አንድ፣ አቶ ሩመን ሁለት ቃላት አቅርበው ነበር። ሰሚዋ ስለወጡ አልመዘገብኳቸውም።