ዳዊቴን የለበሰው ሽጉጥ

ባሌ ጓንጉል በድሎኛል። የዳዊቴን የእንጨት ገበታ ገፎ ለሽጉጡ እጀታ አድርጎታል። ነገሩን ከዚህ የምጀምረው «ባልሽን በአደባባይ አታንሺ» የምትል ጨዋ ሴት ከመሐል እንዳታቋርጠኝ ነው። አንስቼዋለሁ፤ አለቀ።

መቼም በእኛ አገር ወንድ መሣሪያ ሲይዝ መጀመሪያ የሚለወጠው አረማመዱ ነው። ትናንት ከበሬው ኋላ እየተጎተተ ይሄድ የነበረ ሰው፣ ወገቡ ላይ ብረት ቢጤ ጣል ስትደረግለት መንገዱ ሁሉ ይጠበዋል። ድምፁም ይጎረናል። «ውኃ ስጪኝ» ሲል እንኳ አዋጅ የሚያስነግር ይመስላል።

የመሬት ላራሹ አዋጅ በታወጀ ማግስት መካነ ሰላም ዙሪያ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ ጓንጉል የእህል መጋዘኑ ጥበቃ ኃላፊ ተባለ። ከአንድ ባላባት ቤት የተወረሰ ሽጉጥም ተሰጠው። ስንት ጌታ እንደቀያየረ እግዜር ይወቀው፤ የጥይት ካርታው በእጀታው ሥር ሽቅብ የሚገባ፣ የፈረንጅ ሥራ ነው። ብረቱ ደኅና ነበር። እጅ የሚያርፍበት የግራና የቀኙ ልባጥ ግን አንዱ ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሯል፣ ሌላው ከነጭራሹ የለም። ጓንጉል ያን በጨርቅ የተጠመጠመ ነገር ሲመዝ ሰው በመፍራት ፈንታ «ውይ፣ ጣትዎን ምን ነካዎት?» ይለው ጀመር።

ይህ አንገበገበው። ልባጥ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ቤቱን አተራመሰው። እንጨት ከየት ይምጣ? የረሃቡ ክፉ ቀን አልጋውንም በርጩማውንም አሽጦናል። የቀረ እንጨት ቢኖር የዳዊቴ ገበታ ነው።

ስለ ዳዊቴ ልንገራችሁ። ቁመቱ ከመዳፍ እምብዛም አያልፍም። ሽፋኑ ከወይራ የተጠረበ ሁለት ገበታ ነው፤ በላዩ መስቀል ተቀርጾበታል። አባቴ ቄስ ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ ወፍጮ ላይ ሆኜ በጆሮዬ ቆጠርኩ፤ ኋላ ዓይኔን ከጆሮዬ ጋር ያስታረቀው ይህ መጽሐፍ ነው። በክፉው ቀን ላሟን ሸጥን፣ ጋቢውን ሸጥን። አንድ የኩታበር ነጋዴ ዳዊቱን በቁና ማሽላ ልግዛሽ ሲለኝ፣ እናቴ ከተኛችበት ሆና «እሱን ከሸጥሽ በምን ትሸኚኛለሽ?» አለችኝ። አልሸጥኩም። በሱው ሸኘኋት። እንግዲህ ረሃብ የማረውን መጽሐፍ ነው ባሌ የገፈፈው።

ከገበያ ስመለስ የብራና ቅጠሎቹን እንደ ክረምት ጎመን በልጥ አስሮ መደብ ላይ አስቀምጦልኛል። ሽጉጡንስ ብታዩት! ጓንጉል አብዮተኛ ይሁን እንጂ ያደገው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነውና መስቀል ያለበትን እንጨት ለመቁረጥ እጁ ፈራ። ስለዚህ አልቆረጠውም። ስፌት የምሰፋበትን ወስፌ አግሎ ገበታዎቹን በሳና፣ እንዳሉ ከነማዕዘናቸው በሽጉጡ ግራና ቀኝ በብሎን አጣበቃቸው። መጽሐፍ አፈሙዝ ቢያበቅል ይህንኑ ይመስላል። ጣቱ ቃታው ዘንድ የሚደርሰው እንደ ወግዲ መንገድ ከብዙ ጥምዝምዝ በኋላ ነው። «ምን ያስኮርፍሻል? ቆርጬዋለሁ እንዴ? ተውሼ ነው» አለኝ። የቄስ ልጅ ነገሯን የምታበስለው ቀስ ብላ ነው።

ቀጥሎ የሽጉጡ አፎት እምቢ አለ። ያን ሁሉ ማዕዘን የት ያስገባው? ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዳዊቱን ማኅደር፣ ያን በትከሻ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት፣ ወሰደና ሽጉጡን እዚያ ከተተው። አጀብ ነው! የመጋዘኑ ጠባቂ ማኅደር አንግቶ ብቅ ሲል፣ ከሩቅ ያየው ሁሉ ቄስ መጣ እያለ ከተቀመጠበት ይነሣለት ጀመር። እሱ ደግሞ ፈርተውኝ ነው ብሎ ደረቱን ነፋ። ይባስ ብሎ፣ ወግዲ መንገድ ላይ ሽፍታ ገጥሞኝ ተኩሼ አቆሰልኩ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኔው ግን በሚያውቁት አገር ነው። ያም ሆኖ ማን ይከራከረዋል? የቆሰለው መጥቶ አልመሰከረ።

ታዲያ የዘር እህል በሚታደልበት ቀን መጋዘኑ ደጃፍ ግፊያ ሆነ። ክፉ ቀን ያየ ሕዝብ እህል ሲያይ ተራ ይረሳል፤ አይፈረድበትም። ጓንጉል ማኅደሩን ፈትቶ፣ ታግሎ ታግሎ ሽጉጡን መዘዘና «ወደ ኋላ! የተነቃነቀ ወዮለት!» አለ። ሰው ሁሉ ድርቅ አለ። ጎረቤታችን መነኩሲቷ እማሆይ ጥሩነሽ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው መስቀሉን አዩት። አዩትና ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡ። አፈሙዙን እንደ ዝንብ በእጃቸው ገለል አድርገው ገበታውን ተሳለሙት። ጓንጉል «እማሆይ፣ መሣሪያ ነው እኮ!» ቢላቸው፣ «ታዲያ መስቀሉ ምን አደረገ ልጄ?» ብለው ግንባራቸውንም አስነኩት።

ከኋላቸው የነበረው ተከተለ። ከዚያም ሌላው። ተራ ያዙላችሁ! ለእህል ተራ የረሳ ሕዝብ፣ ለመሳለም ሲሆን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን አቶ ሰይድ ተራቸው ደርሶ ሰው ቢስቅባቸው፣ «ምን ያስገለፍጣችኋል? ነቢዩ ዳውድ የእናንተ ብቻ ናቸው እንዴ? ቢስሚላህ!» ብለው እጃቸውን አስነክተው ፊታቸውን አበሱ። ጓንጉል ክንዱን እንደ ዘረጋ ሰልፉ እስኪያልቅ ቆመ። እህሉም ያለ አንዳች ጠብ ታደለ። አብዮቱ በእኛ ቀበሌ ሥርዓት ያስከበረው በዚህ መንገድ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ካለ ይመዝግበው።

ከዚያ ወዲያ ግን ጓንጉል አለቀለት። ሲቆጣ ይሳለሙታል። «እተኩሳለሁ» ሲል «አሜን» ይሉታል። ሆዷን የቆረጣት አንዲት ሴትማ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ እባክህ በሽጉጡ ዳበስ አድርገኝ አለችው።

እሷን እንደ ሸኘ ማኅደሩን ጭኔ ላይ ወረወረና «እንቺ፣ ገበታሽን ውሰጂ!» አለኝ። ልቤ ዘለለች። ነገር ግን ከሽጉጥ ላይ የወረደ እንጨት ዝም ብሎ ወደ ዳዊት ይመለሳል? የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። አባ ገበታውን አገላብጠው አዩና ፈረዱ። ከሽጉጡ ላይ ከዋለ ወዲህ ደም አፍስሶ ከሆነ ለመጽሐፍ አይሆንም፣ ይቀበራል፤ አላፈሰሰ ከሆነ ጠበል ተረጭቶ ይመለሳል። ቀጥለውም ረጋ ብለው «እና ልጄ፣ ያ የወግዲው ሽፍታ እንዴት ሆነ?» አሉት።

እስቲ ይታያችሁ። እሱ ጀግና ከሆነ ገበታዬ ይቀበራል፤ ገበታዬ ከዳነ ጀግንነቱ ይቀበራል። እናቴን የሸኘሁበት መጽሐፍ ዕጣ በአንድ ጉረኛ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። ጓንጉል ጣራውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ እኔን ሊያይ ጀምሮ ተወው።

«አባ፣ ሽፍታ አልገጠመኝም» አለ። አባ ጠበሉን አላነሡም፤ መናዘዝ የጀመረ ሰው ገና ብዙ እንደሚቀረው ያውቃሉ። «ተኩሼም አላውቅም» አለ። አባ አሁንም ጠበሉን አልነኩም። «ጥይትም አልሰጡኝም።»

እልል ልል ነበር፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

አባ ጠበሉን ረጩ። ጓንጉል በቢላዋ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታ። ገበታዎቹን ተቀብዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኳቸው፤ የባሩድ ሳይሆን የባሌ ላብ ሸተቱኝ። ሽጉጡ መደቡ ላይ ቀረ፤ አጥንቱ ገጦ፣ የተነጨ ዶሮ መስሎ። ጓንጉል አነሣው፣ ጨበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያም ያ ጎርናና ድምፁ ከየት እንደ ገባ ጠፍቶ፣ «በይ አፉ በይኝ። ግን እስቲ አንቺው ፍረጂ፤ እጀታ የሌለው ነገር ይዤ ማን ይፈራኛል?» አለኝ።

እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ሳበስለው የከረምኩትን አወጣሁለት፦

«እኔ ዳዊቴን ያለ ገበታ ሳነበው ከርሜያለሁ፤ አንተም ያለ እጀታ ተፈራ!»