ለግንቡ የተሰጠው የልብስ ሰፊው ሱሪ

በዓመተ ስደት፥ ይኸውም አማቲቱ የመኝታ ቤቱን አልጋ በያዙ በሁለተኛው ዓመት፥ ክረምት ሊገባ ሲያስገመግም፥ በጨለማ ክር ከመርፌ የሚሰኩት፥ የሠፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ድል የነሡት፥ ነገር ግን ከስፌት መኪናቸው ሥር ተጠቅልለው የሚያድሩት ኃያሉ ልብስ ሰፊ ተነሡ፤ ለአማቲቱም በጓሮ ቤት ሊሠሩ ቆረጡ። ወኮነ ከመዝ፤ ለጡብ አቅም አልነበራቸውምና ጆንያ ሰበሰቡ፥ እርጥብ አፈር ሞሉ፥ አፉን በእጃቸው ሰፉ፥ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደሩ፥ ጆንያ ከጆንያ እንዳይንሸራተትም በየመሐሉ እሾሃማ ሽቦ ዘረጉ።

ከእርሳቸውም ጋር ባለ አካፋዋ ሚስታቸው ዘመተች፤ መጠቅጠቂያውን አንሥቶ የሚመታውን የማያይ ወንድሟም ዘመተ፤ ደግሞም ከጥላ ሥር ሆኖ ምክር ብቻ የሚያቀብል፥ ምላሱ ግን ለሦስት ሰው የሚሠራ፥ ጎረቤታቸው ጡረተኛ ሹፌር ነበረ። አማቲቱ ግን በመስኮት ብቅ ብለው፥ ቤቱን ዝናብ ከቀደመው ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም ሲሉ አስነግረው ነበር።

የመጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ሰማዩ ጠቆረ። ልብስ ሰፊው ግድግዳው ላይ ተፈናጠው ሽቦ ሲዘረጉ የሱሪያቸው እግር በእሾሁ ተያዘ፤ የሚስታቸውም ወንድም ሳያይ ጆንያውን ጫነበት፥ ጠቀጠቀውም። ሠራዊቱ ሁሉ ጎተተ። ሱሪው ግን አልተቀደደም፤ የገዛ እጃቸው ስፌት ነበርና። ሹፌሩ ጆንያው ይነሣ ብሎ መከረ፤ ቢነሣ ግን ረድፉ ይናጋል፥ ዝናቡም ይቀድማል። ልብስ ሰፊው የዚያችን የስፌት መኪና ሥር አሰቡ። ያን ጊዜ ከግንቡ ላይ አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ግድግዳዬ አይነካም። ሱሪው ለግንቡ ተሰጥቷል። ቆርቆሮውን አምጡ፤ ሴቶችም ፊታችሁን አዙሩ።»

ወእምዝ ቀበቶአቸውን ፈቱ፤ ነጠብጣብ ባለው የውስጥ ሱሪያቸውም ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን መቱ። የመጨረሻው ሚስማር ሲገባ ዝናቡ ወረደ፥ ወደ ውስጥ ግን ጠብታ አልገባም። ፊታቸውን ያላዞሩት አማቲቱ ትራሳቸውን ታቅፈው ጭቃውን ተሻገሩ፤ ከደጁም ቆመው አወጁ፦

«እስከ ዛሬ የልጄ ባል ነበርክ፤ ከእንግዲህ ልጄ ነህ። ሂድ፥ አልጋህ ላይ ተኛ።»

ልብስ ሰፊውም በዝናቡ መሐል አለቀሱ።

ክብር ለኃያሉ ልብስ ሰፊ ይሁን! ሌላው ሱሪ ታጥቆ ወንድ ሲባል፥ እርሳቸው አውልቀው ተባሉ።