ሰባ ሁለት ሜዠር ዝምታ

የእኛ አገር ሰው ጉልበቱ የሚያልቀው በሥራ አይደለም፤ በመነሣትና በመቀመጥ ነው። ካላመናችሁኝ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ቁጠሩ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ አንድ ትልቅ ሰው ይገባሉ፤ «ኖር!» ብላችሁ ብድግ። እሳቸው «በእግዜር! ቁጭ በሉ!» ይላሉ፤ እናንተ «እርስዎ ሳይቀመጡማ አይሆንም» ትላላችሁ፤ እሳቸው «በሞቴ» ይላሉ፤ ተለማምናችሁ፣ ተገባብዛችሁ፣ በስንት መከራ ተያይዛችሁ ቁጭ ስትሉ ሌላ ትልቅ ሰው በር ላይ ይቆማሉ። ይህን ስል እየተማረርኩ አይምሰላችሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሰው ደሜን ያፈላዋል። የሚያሳዝነው ግን አንድ ቅዳሜ ተጣብቆ የቀረው ሰው እኔ መሆኔ ነው። በዚያ የተነሣ የአንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታሪክ እዚያው ላይ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም ነበር።

አዎ፣ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ። አዳማ ላይ። ምን ያስቃል? ጥሩምባ የሚነፋ ባጃጅ ብቻ ነው እንዴ ያለን?

ኦርኬስትራው የተወለደው በሻምበል ቶሎሳ በረንዳ ላይ ነው። ሻምበል ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ባንድ ክላርኔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አቃታቸው። ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሦስት ቫዮሊን የሚጫወቱ እኅትማማቾችን አመጡ፤ ከድሮ ጓዶቻቸው ሁለት ትራምፔት ነፊዎች ጎተቱ፤ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ትልቅ ቫዮሊን፣ ቼሎውን፣ ከየት እንዳገኘው ዛሬም ድረስ የማይናገር አንድ የሒሳብ አስተማሪ ጨመሩ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ፋርማሲ አለኝ፤ ሙዚቃ ግን አንድም አላውቅም ነበር። ሻምበል መድኃኒት ሊገዙ መጥተው እንክብል ስቆጥር ትኩር ብለው አዩኝና «አንተ ለከበሮ ትሆናለህ» አሉኝ። ለካ በሲምፎኒ ውስጥ የከበሮ መቺ ዋናው ሥራ መምታት ሳይሆን ዝም ብሎ መቁጠር ነው። ሌላው ሲጫወት አንተ ቁጭ ብለህ ስንት ሜዠር እንዳለፈ ትቆጥራለህ፤ አንድ ሜዠር እንግዲህ በእኛ ቋንቋ አራት ምት ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ትነሣና አንዴ ዱብ ታደርጋለህ። ከዚያ እንደገና መቁጠር።

ሻምበልን ሳይጨምር ሰባት ሰው ሆነን ስማችን «የስምጥ ሸለቆ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ» ተባለ። ስም ከወጣ አይቀር! የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከበሮዎቼ የፍየል ቆዳ የተወጠረባቸው የድግስ ድስቶች ነበሩ። የልምምድ ቀን ለመምረጥ ብቻ ሦስት ሳምንት ተከራክረናል፤ እሑድ ጠዋት ግማሹ አምልኮ፣ ግማሹ ቅዳሴ አለበት፤ ዓርብ አይሆንም፤ በሥራ ቀን አይታሰብም። በመጨረሻ ሻምበል «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት! ነገር አታብዙ!» ብለው ገላገሉን። ከዓመት ዓመት አንዱ ከሞጆ፣ አንዱ ከባቱ፣ ሌላው ሶደሬ ሆቴል ሠርግ ላይ ሲጫወት ተገኝቶ፣ አርባ ሰው ደረስን።

ታዲያ ስምንት ሰዓት ብለው የወሰኑት ሻምበል በስምንት ሰዓት መጥተው አያውቁም። ስምንት ተኩል ላይ በሩ ይከፈታል፤ አርባ ሰው ብድግ ይላል፤ ሻምበል በሩ ሥር ያለሁትን እኔን አልፈው ከፊተኛው ወንበር ጀምረው አንዱን «እንደምን ዋልክ»፣ ሌላውን «አካም ጅርታ» እያሉ፣ የልጅና የሚስት ደኅንነት እየጠየቁ እስከ ከበሮዬ ድረስ ይዘልቃሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እንዲህም ሆኖ ማንም ቅር አላለውም፤ ከሊዲያ በቀር።

ሊዲያ ከሦስቱ እኅትማማቾች ትንሿ ናት። ኖታ ማንበብ ያስተማሯት ሻምበል ናቸው፤ የሙዚቃ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስም፣ ጆሯቸው እየደከመ መጥቶ ነበርና፣ የመሪነቱን ዱላ በገዛ እጃቸው ሰጧት። እሷ የደቂቃ ሰው ናት። ቢሆንም ለሁለት ዓመት ያህል ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ነገሩ የከረረው ኮንሰርት ላይ ነው። ሻምበል እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መሀል ላይ ገቡ፤ እኛም እንደ ልማዳችን ብድግ አልን። የቫዮሊን ቀስት ወደቀ፣ የኖታ ማስቀመጫ ተገለበጠ፣ ሙዚቃው እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። አዳራሹን በነፃ የምትሰጠን የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ግን አልሣቀችም። «ይኼ ነገር ከተደገመ አዳራሹን ለሠርግ ነው የማደርገው» አለችን፤ ቀልድ አልነበረም። ሌላ አዳራሽ ደግሞ የለንም። አርባ ሰው በሻምበል በረንዳ ላይ አይበቃም።

በማግስቱ ሊዲያ ሕግ አወጣች፤ «ዱላዬ ከተነሣ በኋላ ማንም ለማንም አይነሣም።» ቅዳሜ ደረሰ፤ ስምንት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ለበሩ የምቀርበው እኔ ነኝ። ሁሉም በዓይኑ ጠርዝ እኔን ያያል፤ እኔ ከተነሣሁ ይነሣሉ፤ ካልተነሣሁ አይነሡም። እኔ ጀግናው ዓይኔን ኖታዬ ላይ ተክዬ ቁጭ አልኩ። ኖታው ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም፤ ረፍት ነበርኩ። ሻምበል ባርኔጣቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አጠለቁትና ወጡ። ዓመት ሙሉ ወደ ልምምድ ዝር አላሉም። እኔም ዓመት ሙሉ በፋርማሲዬ በር ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ የጀመርኩት የእንክብል ቁጥር ሲጠፋብኝ ኖርኩ።

ዘንድሮ ኮንሰርታችን እሑድ በዐሥር ሰዓት ሊሆን ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ሻምበል ሰኞ ዕቃቸውን ጭነው ባቱ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ቤታቸው ሄድኩ። ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታሽጓል።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«ግድ የለም፣ እቆማለሁ።»

«ዛሬ ነው መቆም ያማረህ?» አሉኝ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ!

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አፌን እያዩ ነበር የሚያዳምጡኝ። «ቀጭኑ ድምፅ ከጆሮዬ ሄዷል» አሉ፤ «ቫዮሊን ሲመታ ማየት ነው እንጂ መስማት የለም። ወፍራሙን ግን አሁንም በደረቴ እሰማዋለሁ። እሑድ እመጣለሁ፣ ልጆቼን ልያቸው። ግን ልንገርህ፣ እንደዚያን ቀን ካደረጋችሁኝ ከበሩ ነው የምመለሰው። ሁለተኛም አዳማን አልረግጣትም።»

በሩጫ ለሊዲያ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ቃሏን አላጠፈችም። «ከመጀመራችን በፊት ይምጡ እንጂ በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ አስገባቸዋለሁ። ከጀመርን በኋላ ግን አንድ ሰው ከተነሣ አዳራሹ የለም፤ አዳራሹ ከሌለ እኛም የለንም። እሳቸው የሠሩትን እሳቸውን ለማክበር ብለን እናፍርሰው?» ምን ትሏታላችሁ? እውነቷን ነው። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ከሁለት እውነት መሀል እንደ መግባት ያለ መከራ የለም።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ከፊት ረድፍ መሀል ለሻምበል የተያዘው ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። አጠገቡ ወይዘሮ አስካለ እጇን አጣጥፋ። ሊዲያ ዐሥር ደቂቃ ጠበቀች፤ በሩን አየች፤ እኔን አየች፤ ዱላዋን አነሣች። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ወንበሩ ባዶ። ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ፤ ከሁሉ ቀስ የሚለው፣ ቢያስነጥሱ የሚሰማው። የእኔ ድርሻ ሰባ ሁለት ሜዠር ዝምታ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ገባሁ። ሠላሳ ላይ ስደርስ «ቀሩ ማለት ነው» አልኩ፤ ልሸሽገው አልችልም፣ ቅልል አለኝ። ሠላሳ ስምንት ላይ በአዳራሹ ማዶ ሕዝቡ የሚገባበት በር ተከፈተ።

የፈሩት ይደርሳል። ሻምበል ቶሎሳ፣ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አልተራመዱም፤ እኛን ነው የሚያዩት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሊዲያ ጀርባዋ ለበሩ ስለሆነ አላየችም። አርባ። ሁላችንም አይተናል፤ ላቡ በግንባሬ ይወርዳል። አርባ አንድ። ሻምበል ባርኔጣቸውን ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው አነሡት።

ተነሣሁ። አስቤበት አይደለም፤ ጉልበቴ ነው የተነሣው።

ሊዲያ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከአጠገቤ ትሮምቦን ነፊዎቹ፣ እነሱም ረፍት ነበሩ፣ ተነሡ። ከዚያ ትራምፔቶቹ። ከዚያ፣ ጌታዬ፣ ቫዮሊኖቹ እየተጫወቱ ተነሡ! አንድ ቀስት አልተሳተም፣ አንድ ወረቀት አልወደቀም፤ ቼሎዎቹ እንኳ መነሣት ባይችሉ ከወገባቸው ከፍ ብለው ይጫወታሉ። ዓመት ሙሉ ሊዲያ በዚያ ዱላዋ የቀጠቀጠችን ለካ ለዚህ ኖሯል! ሕዝቡም ይህን ሲያይ ሥርዓቱ መሰለውና ተነሣ፤ ወይዘሮ አስካለም ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች። ደስ አለኝ፤ ልቤ ሞላ። ወደ በሩ አየሁ።

ሻምበል ፊታቸውን አዙረው እየወጡ ነው።

ምን ሆኑ? ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው አይሰሙም። ከሕዝቡ ጀርባ ሆነው የሚያዩት የቆመ አዳራሽ ብቻ ነው፤ አዳራሽ የሚቆመው ደግሞ ኮንሰርት ሲያልቅ ነው! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ልጮህ አልችልም፤ ብጮህም አይሰሙኝም። አንድ እግራቸው ከደጅ ነው። ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። በዚያ እስትንፋስ በሚሰማበት ሙዚቃ መሀል መዶሻዬን አነሣሁና ትልቁን ከበሮ በሙሉ ክንዴ ዱብ አደረግሁት።

የአዳራሹ መስኮት ነዘረ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ «በስመአብ!» አሉ። ሊዲያ ያየችኝን አስተያየት አላወራውም። ሻምበል ግን ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ቆሙ፣ ዞሩ። በቆመው ሕዝብ ትከሻ መሀል አንገታቸውን አስግገው የቫዮሊኖቹን ቀስት ሲሄድና ሲመጣ አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ በወታደር እርምጃ፣ በመሀል መንገዱ እስከ ፊት ረድፍ መጡ። አዳራሹን ዙሪያውን ቃኙና መዳፋቸውን ወደ ታች ዝቅ አደረጉ፤ ቁጭ በሉ ነው። ሁላችንም ድምፅ ሳናሰማ፣ እየተጫወትን፣ ቁጭ አልን።

የቀረኝ ጣጣ ከሰባ ሁለቱ በኋላ የምመታበት መግቢያዬ ነበር። ስንተኛ ላይ እንዳለሁ አላውቅም፤ አሁን ብስት አበቃልኝ። ሙዚቃው ሲያድግ፣ ሲያድግ ሰማሁ፤ መዶሻዬ በላብ ያዳልጠኛል። ቀና ስል ሊዲያ በዱላዋ፣ ከኋላዋ ደግሞ ሻምበል ቀስቶቹን እያዩ ከወንበራቸው በአንድ ጣታቸው፣ ሁለቱም እኩል «አሁን!» አሉኝ። አንዱ ሌላውን አላየም። መታሁ፤ ልክ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እያለቀስኩ ነው የመታሁት።

ሲያልቅ ሻምበል ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። እጄን ሊጨብጡኝ መስሎኝ ዘረጋሁ።

«ተከብሬ የተመለስኩ እንዳይመስልህ» አሉኝ፤ «ተናድጄ ነው! የመጨረሻው ላይ ከበሮ ይንጎደጎዳል እንጂ አንዴ ዱብ ብሎ አይተውም። ማነው ይኼ ሥራ የሚያበላሸው ብዬ ነው የዞርኩት። አንተን ብዬ ቆጣሪ!»

ከዚያ ወደ ሊዲያ ዞሩ።

«አንቺ ብቻ አልተነሣሽልኝም።»

«ቆሜ እኮ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

ሻምበል አፏን አንብበው «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

ወይዘሮ አስካለ አዳራሹን ተወችልን። እንዲያውም እኔን ለብቻዬ ጠርታ «ያ መሀል ላይ መቆም፣ ያ ድንገት ዱብ የሚለው፣ ውጭ አገርም እንዲሁ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዲያውም እነሱ ቆይተው ነው የሚቀመጡት» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሻምበል ሰኞ ዕለት ዕቃቸውን ጭነው ባቱ ገቡ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነን፤ ሊዲያ የመጀመሪያውን ክፍል አስጨርሳን፣ ዱላዋን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የቼሎዎቹን ኖታ በእርሳስ ታርማለች። ስምንት ተኩል ላይ የሚኒባስ አቧራ ከኮታቸው ላይ እያራገፉ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፈቱ። እኔ አየኋቸውና መዶሻዬን ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ስል ሊዲያ ቀድማኝ ተነሥታለች።