የበቅሎው ሰሌዳ አራሚ

የመንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳ ባለበት አገር ሁሉ «ሰሌዳው ተሳስቷል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። መንግሥት ብረቱን አቅልጦ፣ ፊደሉን ቀርጾ ሰሌዳ ሲተክል፣ ፈጣሪ ደግሞ ፊት ለፊቱ አራሚ ይተክላል። የኛ ከተማ የኬትል ክሪክ አራሚ ክቡር አቶ ኦርቪል ታኬት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ፣ በገዛ ሹመታቸው ደግሞ የመላው ቴነሲ ሊቀ ሊቃውንት።

ከተማችን ያላት ሰሌዳ አንድ ብቻ ነው። «በዚህ ስፍራ ዳኛ ፔል በዛፍ ጥላ ሥር ችሎት አስችለው፣ ቀረጥ ሰብሳቢውን ረግጦ ወንዝ ውስጥ የከተተው በቅሎ ከአገር እንዲባረር ፈረዱ» ይላል። ሌላው ከተማ በጦር ሜዳው ይኮራል፤ እኛ በበቅሏችን። የትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን ስሙ «በቅሎዎቹ» ነው። በየመስከረሙ የበቅሎ ቀን እናከብራለን፤ አምባዛ ይጠበሳል፣ ሙዚቃ አለ፣ ከንቲባዋም ንግግር ያደርጋሉ፤ እሱን እንኳ ችለን እንሰማለን።

የአቶ ኦርቪል ቤት ከሰሌዳው ትይዩ ነው። አንድ መኪና ቆሞ ሰው ሲወርድ፣ ሱሪያቸውን በማንገቻው ሳብ አድርገው አስፋልቱን ይሻገራሉ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ስህተቱን ላስረዳዎት» ይላሉ። ከዚያ ስለ ወንዙ መሻገሪያ፣ ስለ ዛፉ ዓይነት፣ ስለ ቀረጥ ሰብሳቢው ባሕርይ ይቀጥላል። አይስክሬም የያዘ እንግዳ አይስክሬሙ በክርኑ ላይ ሲወርድ ቆሞ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ መኪናቸውን ያለቦታው አቆሙ ብሎ አቶ ኦርቪልን ሊቀጣቸው መጥቶ ነበር፤ ስለ ሰሌዳው ማስረዳት ሲጀምሩለት የቅጣት ደረሰኙን ሳይቆርጥ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ሄደ። በኔ ሠርግ ዕለት ሙሽሪትን የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አስቁመው ስለ መሻገሪያው ሲያስረዷት፣ ፓስተሩና እኔ ውስጥ ሆነን ሰዓታችንን እናይ ነበር።

የሳቸው ክርክር ባጭሩ (እሳቸው ባጭሩ ብለው አያውቁም) ፍርዱ የተሰጠው እዚህ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ፣ ሃርሎ ውስጥ ነው የሚል ነው። የመንገድ ሠራተኞቹ ሰሌዳውን እኛ ዘንድ የተከሉት ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ሰፊ ቦታ ስላገኙ ብቻ ነው። ሃርሎ ማለት በየመጸው በኳስ አፈር ድሜ የሚያስግጠን ከተማ ነው። እንዲህ ያለ እውነት ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ባለፈው ጸደይ የግዛቱ የታሪክ ቢሮ አቶ ኦርቪልን ሰማቸው። ሰሌዳው ተነቅሎ ወደ ሃርሎ ሊሄድ ነው ተባለ። የበቅሎ ቀንም አብሮ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ከንቲባችን ወይዘሮ ሎሬታ ፉጌት ወሬውን እንደሰሙ በቀጥታ አቶ ኦርቪል ወደሚውሉበት ምግብ ቤት ገቡ። «አንተ ኦርቪል፣ ጉድ ሠራኸን! አሁን ደስ አለህ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ሎሬታ።»

«እንግዲያው እውነትህን ታቅፈህ ተኛ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ጠረጴዛቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሽማግሌው የፖም ፓያቸውን ብቻቸውን ሲበሉ ማየት አንጀት ይበላል። ሆኖም እኔም አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ ወሬያቸው ያልቃል ብዬ አላመንኩማ።

የመጨረሻው ስብሰባ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተጠራ። ሃርሎዎችም ድላቸውን ሊያዩ መጥተው በሩን ሞልተውታል። ከታሪክ ቢሮው የመጣችው ሴት ጠየቀች፤ «አቶ ታኬት፣ ፍርዱ የተሰጠው ሃርሎ ውስጥ ለመሆኑ ዛሬም እርግጠኛ ነዎት? ከተጠራጠሩ ሰሌዳው ባለበት ይቆያል።»

«ተጠራጠር!» አሉ ከንቲባዋ፣ ሹክሹክታ መስሏቸው። «ተጠራጠር አንተ ሰውዬ!»

አቶ ኦርቪል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እርግጠኛ ነኝ።»

አዳራሹ በአንድ አፍ አቃሰተ። ሰው ሁሉ ሊሄድ ተነሳ።

«አልጨረስኩም» አሉ አቶ ኦርቪል። ይቺን ቃል ስንሰማ መበተን ልማዳችን ነበር፤ ያን ዕለት ግን በሩን ሃርሎዎች ዘግተውታል።

«ሃርሎዎች በቅሎውን አባረሩት። እሺ፣ ተባሮ የት ሄደ? ወንዙን ተሻግሮ ወደኛ ነዋ! የኛ ሰዎች ጎትተው መለሱት? አልመለሱትም። አጃ አበሉት። ይሄ ቤተ ክርስቲያን የተሠራበትን ድንጋይ ከወንዙ ድረስ የጎተተው እሱ ነው። ሲሞት እዚሁ ከጓሮ ቀበሩት። ስሙም ሰለሞን ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ጓሮው መስኮት ዞረ። ከጓሮው «ወንድማችን ሰለሞን፤ ብርቱ ሠራተኛ፣ ማንንም የማይፈራ» የሚል የመቃብር ድንጋይ አለ። የመጀመሪያው ዲያቆናችን ነው ብለን በየዓመቱ አበባ እናኖርለታለን። ይባስ ብሎ ከንቲባችን ምርጫ በመጣ ቁጥር «እኔ የዲያቆን ሰለሞን ዘር!» እያሉ ነው የሚፎክሩት።

«ኦርቪል» አሉ ከንቲባዋ ድምፃቸው ሰልሎ፤ «ሰለሞን እኮ የኔ ቅድመ አያት...»

«በቅሎ አይወልድም፣ ሎሬታ» አሉ አቶ ኦርቪል በትሕትና።

ሃርሎዎች ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል፤ ከንቲባችን እሱን እንኳ ማለት አቃታቸው። ከቢሮው የመጣችው ሴት ዓይኗን እየጠረገች፣ ፍርዱ የሃርሎ ቢሆንም በቅሎው የኛ ስለሆነ መቃብሩ የራሱ ሰሌዳ ይገባዋል አለች። ይሄኔ ሃርሎዎች ሳቃቸውን አቆሙ፤ የነሱ ሰሌዳ የሚያወራው እንዲህ ያለውን በቅሎ ማባረራቸውን መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ይሄን ሁሉ እያወቅህ ምነው ዝም አልክ?» ጮኹ ከንቲባዋ።

«መች ዝም አልኩ? ስነግራችሁ አይደል እንዴ የኖርኩት! እዚህ ጋ ስደርስ ሁላችሁም ምድጃ ላይ የጣዳችሁት ነገር ትዝ ይላችኋል።»

እኔ ይህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ከተማውም ይወዳቸዋል፣ ግን ሁላችንም የምንወዳቸው ከሩቅ ሆነን ነበር። ከንቲባዋ ኮታቸውን አውልቀው መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን።

«በል ቀጥል፣ ኦርቪል» አሉ ከንቲባዋ።

አቶ ኦርቪል አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። በዕድሜያቸው ቀጥል ተብለው ስለማያውቁ ከየት እንደሚቀጥሉ ጠፋባቸው። እኛም ጠበቅናቸው።