የአራሷ አህያ ተጠባባቂ

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ በሠራዊት ውስጥ እጅግ ከባዱ ማዕረግ የተጠባባቂ ነው ብል አትሣቁብኝ! ዘማች ይዋጋል፤ ፈሪ ይሸሻል፤ ተጠባባቂ ግን... ይጠባበቃል።

በጠላት ዘመን ከኮልፌ ለአርበኞች ስንቅና ጥይት በስውር የሚልኩት ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ነበሩ። «ያዝምቱኝ!» እያልሁ ብወተውታቸው «እሺ፣ ተጠባባቂ ሁን» አሉኝ። ካነበብኋቸው መጻሕፍት እንደተረዳሁት፣ ተጠባባቂ ማለት የወደቀውን ጓድ ተክቶ ድልን የሚያመጣ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የመጥረጊያ እንጨት በትከሻዬ አንግቤ በጓሯችን ስሰለፍ ከረምሁ። ዶሮዎቻችን እንኳ ሰልፍ ለመዱ!

አንድ ማለዳ እትዬ ተዋበች በሩን ደበደቡ።

«ተነሥ! ተራህ ደረሰ!»

ደረቴን ነፋሁ። «የትኛው ጀግና ወደቀ?»

«ምን ያሟርትሃል! አህያችን ወለደች።»

«እና... እኔ?»

«ትተካታለሃ! ተጠባባቂ አይደለህም እንዴ?»

ወዲያው ጥይት የተቀበረበት የዱቄት ከረጢት ጀርባዬ ላይ ወጣ፤ እኔም ወደ አስኮ አቀናሁ። ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አስቆመኝ። ዱቄቱን ቢበረብር፣ አንባቢዬ ሆይ፣ እኔም እትዬ ተዋበችም ለስቅላት ነን!

«አህያዋስ?» አለ፤ ዘወትር ያያታል።

ውሸት ጨርሶ ጠፋብኝ። «ወለደች።»

«ብትወልድስ?»

«አራስ እንዴት ትጫናለች?» አልሁት በታላቅ ቁም ነገር።

ባንዳው እንባው እስኪፈስ ሣቀ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሸክሟን የሚሸከምላት ባል ግን ዛሬ ገና አየሁ! እለፍ፣ እለፍ... እንኳን ማርያም ማረችልህ!»

ጥይቱ ደረሰ። ክብሬ ግን ኬላው ላይ ተራግፎ ቀረ።

ተመልሼ «እንግዲህ ጠመንጃ ይገባኛል» ብላቸው፣ እትዬ ተዋበች በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ያዙ።

«የምን ጠመንጃ! አራስ ናት ያልከው አንተ አይደለህም? ወጓን ሳትጨርስ ብናስወጣት ባንዳው አይጠረጥርም? እስከ ክርስትናው ድረስ ትሸከማለህ!»

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደምትነሣ ታውቃላችሁ። የመጨረሻ ተስፋዬን ሰብስቤ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ለመሆኑ... ውርንጭላው ወንድ ነው?»

እትዬ ተዋበች ከረጢቱን እያራገፉ ቀና እንኳ አላሉም።

«ሴት ናት፤ እናቷን ቁርጥ!»