ተመስገን ከዐሥር ስንት ነው?

የእኛ ሰው ስለ ሕመሙ ተጠይቆ እውነቱን ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱ ሲያሰቃየው ያደረ ሰው እንኳ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ቢሉት «ተመስገን» ነው መልሱ። የባሰ አታምጣ ብሎ ያልፈዋል። ይህን ጠባያችንን ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

አምቦ ውስጥ አብራኝ የምታስተምር ሐኪም፣ ዶክተር ሰናይት፣ ከባድ ቃጠሎ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ታጠና ነበርና መጠይቅ አስይዛ ጎጆ ወደምትባል የደጋ ከተማ ላከችኝ። በዚያ ብርድ አገር አዴ ጫልቱ የተባሉ እናት ምድጃ ዳር ድንች ሲቀቅሉ የናይለን ካልሲያቸው ተያይዞ እግራቸው ላይ ቀልጧል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቁስሉ ማር ተቀብቶ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ቤቱም በጠያቂ ጎረቤት ተሞልቷል።

«አዴ፣ ሕመሙ ከዐሥር ስንት ይሆናል?» አልኳቸው።

«ፈያ ነኝ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። ምንም አያመኝም።»

ጎረቤቱ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እኔ ግን በሆዴ ሳቅሁ። ማንን ሊሸውዱ? ይሉኝታቸውን አስልቼ ስምንት ጻፍኩላቸውና በራሴ ረክቼ አምቦ ገባሁ።

በማግስቱ ዶክተር ሰናይት ወረቀቱን ስታይ ብልሃቴን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«እሳቱ ጠልቆ ሲገባ ሕመም የሚያሰማውን ነርቭ ራሱን ይገድለዋል» አለችኝ። «ምንም አላመማቸውም ማለት እግራቸው እየሞተ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው ተመስገን ያለው ለሚሞት እግር ኖሯል። እኔ ብልጡ ደግሞ እውነቱን የነገሩኝን ብቸኛ ሰው ውሸታም አድርጌያቸዋለሁ።

ወዲያው መኪና ይዘን ያንን አባጣ ጎርባጣ መንገድ ወጣን። ዶክተሯ ቁስሉን በመርፌ ጫፍ ስትወጋቸው አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረው «መንገዱ አደከመህ አይደል?» አሉኝ።

ሆስፒታል ገብተው ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ፤ የቀረው እግር ከጭናቸው በተወሰደ ቆዳ ተረፈ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ዶክተሯ እንደገና በመርፌ ነካቻቸው። እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ኧረ ያማል» አሉ።

«ተመስገን» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

አዴ ጫልቱ ተቀየሙን። «ሰው ሲያመው ተመስገን ይባላል?»

«ከዐሥር ስንት ልጻፍ፣ አዴ?»

«ዐሥራ አንድ» አሉኝ፣ በንዴት።

እንዳሉት ጻፍኩ።